አባቴ የቆጠራት፣ እኔ የዘለልኳት

አባቴ 5 ልጆች አሳድጎ ነው የሞተው። በቀብሩ ላይ እንዲነበብ እኔ የጻፍኩት የሕይወት ታሪክ ግን «ባለትዳርና የ4 ልጆች አባት ነበሩ» ይላል። ረስቼ አይደለም። ሐዘኑ አደናግሮኝም አይደለም። አስቤበት፣ ሰው መክሮኝ፣ ምክሩንም ተቀብዬ የጻፍኩት ነው። ያን ዕለት ቀብር ላይ የቆሙት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬም ድሬዳዋ አሉ፤ አንዳንዶቹ ጅቡቲ፣ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ ባሕር ማዶ የተሻገሩም አሉ። የሰሙት ውሸት ነበር። የእያንዳንዳቸው ደጅ ድረስ ሄጄ ልነግራቸው ስለማልችል እዚህ እናዘዛለሁ።

የቀብር የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው። አባቴም በዚሁ መንገድ ተጻፈ። በ1938 ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ አካባቢ ተወለዱ፣ በልጅነታቸው ድሬዳዋ ገቡ፣ ከ30 ዓመት በላይ በምድር ባቡር አገለገሉ፣ ሰው አክባሪና ለቤተሰባቸው አሳቢ ነበሩ። «ለቤተሰባቸው አሳቢ» የምትለዋን ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉም በላይ ያሰበላትን ልጅ ሰርዤ አሳቢነቱን አወደስኩ።

እውነተኛውን ሰው ልንገራችሁ።

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ተቆረቆረች፤ መስመሩ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጅቶበታል። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በሕይወት ያቆየው የድሬዳዋው ወርክሾፕ ነው፤ አባቴም ጉልበቱን የጨረሰው እዚያ ቶርኖ ላይ ነው። የተበላ የፉርጎ ጎማ አዙሮ ያስተካክላል፣ ቡሽ ያወጣል፣ ብሎን ይቆርጣል። የታዘዘ መለዋወጫ ሳይመጣ ሲቀር ከቁርጥራጭ ብረት ራሱ ይሠራዋል። በ1969 እና በ70 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ሲቆረጥ ብዙ ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ ከከተማው ወጥቶ ነበር። አባቴ አልወጣም፤ እናቴ እኔን ይዛ፣ ታናሼን ደግሞ አርግዛ ነበር። መንገድ ላይ ከምትወልድ ብሎ ቀረ።

የድሬን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ከተማው ይዘጋል። ወንዱ ምሳውን በልቶ ሽርጡን ታጥቆ ወደ በርጫው ይሄዳል። አባቴም ሽርጡን ይታጠቅ ነበር፣ ግን የትም አይሄድም። ሰሌኑን በረንዳው ላይ አንጥፎ ከልጆች ጋር ይቀመጣል። ጥፍራችንን የሚቆርጠው እሱ ነው። የተቀደደ ደብተር በመርፌና በክር የሚሰፋልን እሱ ነው። እናቴ ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፋው እሱ ነበር፤ ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር፣ እሱ ግን ደንታም አልነበረውም። ሰው ስለሚለው ነገር ግድ የሌለው ወንድ በዚያ ዘመን ብዙ አላየሁም።

ወርክሾፑ ውስጥ አብሮት ጎን ለጎን የሚሠራ አንድ ባልንጀራ ነበረው። አገሩ ወሎ ነው። በጥር 1977 ያ ባልንጀራውና ሚስቱ አዲስ አበባ ለቅሶ ሊደርሱ ተሳፈሩ፤ የ6 ዓመት ሴት ልጃቸውን እኛ ቤት አስቀምጠው ሄዱ። ለጥምቀት ይመለሳሉ ተብሏል። ባቡሩ አዋሽ አጠገብ ድልድይ ላይ ካለው ጥምዝ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ከወርክሾፑ ሰዎች ጋር አባቴም ወደ ስፍራው ሄደ። ሲመለስ ጫማውን ደጅ አወለቀ፣ ታጠበ፣ ሳይናገር ተቀመጠ።

እንደ አገሩ ልማድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ መርዶ ሊነግሯት ተዘጋጅተው ነበር። አባቴ እንቢ አለ። «ሕፃን ልጅ ከእንቅልፏ በእሪታ አትነቃም» አላቸው። በዚያው ምሽት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ራሱ ነገራት። እኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መጋረጃው ጋ ቆሜ ሰምቻለሁ። እናትና አባትሽ አይመለሱም አላት። ለምን ብላ ጠየቀችው። ባቡሩ ወደቀ አላት። አንተ ለምን አላስተካከልከውም ስትለው ከአባቴ ጉሮሮ የወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ ከማንም ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ዓመቱ 77 ነው። የአባቷ ዘመዶች ያሉት ወሎ፣ ወሎም የነበረበት ረሃብ ይታወቃል፤ ከዚያ በኩል መጥቶ ልጅ የሚወስድ ቀርቶ ራሱን ያዳነም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከእኛ ጋር ቀረች። ከተከታዬ ወንድሜ ቀጥላ፣ ከታናሽ እህቴ ቀድማ ሦስተኛ ልጅ ሆነች። እናቴ ከታናሽ እህቴ ጎን መኝታ አበጀችላት፤ ቀበሌ የቤተሰቡ ቅጽ ላይ አንድ ሰው ተጨመረ፤ ከኅብረት ሱቅ የምንወስደው ስኳርና ሳሙናም በዚያው ልክ ተስተካከለ። በዓመቱ የመጨረሻው ወንድማችን ተወለደ።

ትምህርት ቤት ስትገባ ግን አንድ ነገር ሆነ፤ የኋላ ኋላ እኔ የተደገፍኩበት ምክንያት እሱ ነው። መዝጋቢው «በራስዎ ስም ያስመዝግቧት፣ ጣጣ የለውም» አለው። አባቴ «አባት አላት» ብሎ መለሰ። «የሞተ ሰው የሚቀረው ስሙ ነው። ስሙንም ልውሰድበት?» በአባቷ ስም ተመዘገበች። እቤት «አባባ» ትለዋለች፣ ደብተሯ ላይ ግን የዚያ አዋሽ ላይ የቀረ ባልንጀራው ስም አለ። ጓደኛውን ላለማጥፋት ብሎ ያደረገውን ነገር እኔ ከ36 ዓመት በኋላ ልጅቷን ለማጥፋት ተጠቀምኩበት።

አባቴ ለሥራ ጅቡቲ ሲላክ ጫማ ይዞልን ይመጣ ነበር። ከመሄዱ በፊት ማታ ሁላችንንም ያሰልፋል። ባዶ እግራችንን ሲሚንቶው ላይ አስቁሞ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በሲባጎ ይለካል፣ ልኩ ላይ ይቋጥራል። ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ሲባጎ አልነበረም፤ አንድ ረዥም ሲባጎ ላይ 5 ቋጠሮ፣ በዕድሜ ተራ። ጠቅልሎ ኪሱ ይከተዋል። አንድ ጊዜ ባዶ እጁን መጣ። እኛ ስናለቅስ እናቴ ወደ ጓዳ ጠርታ «ምነው ምንም አላገኘህም?» አለችው። «ለ4 የሚበቃ ብር ነበረኝ፤ ስለዚህ ለማንም አልገዛሁም» አላት። ይህንንም መጋረጃው ጋ ቆሜ ነው የሰማሁት። እንግዲህ ይህን የሰማ ጆሮ ነው በቀብሩ ዕለት የዘመዴንም ምክር የሰማው።

ሦስተኛዋ እህቴ አግብታ ወለደች፣ እዚያው ድሬዳዋ ገንደቆሬ ነው የምትኖረው። እኔ አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ቀረሁ፤ ሌሎቹም ተበተኑ። እናታችን ቀድማ ካረፈች በኋላ አባቴ ሳቢያን ባለችው ቤት ብቻውን ነበር። ስኳር ሕመሙ ሲበረታ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ጀመረ። ድሬዳዋ ውስጥ ኢንሱሊን ማስቀመጥ ቀላል አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ሁሉ ይሞቃል። እህቴ ሁለት ገንቦ አምጥታ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀመጠች፣ መሐሉን በአሸዋ ሞልታ ጠዋት ጠዋት ውኃ ታርከፈክፍበታለች፤ ብልቃጦቹ እዚያ ውስጥ ተከድነው ይቀመጣሉ። የስኳር ሕመምተኛ እግር ትንሽ ቁስል ይዞ ውሎ ካደረ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ማታ ማታ እግሩን በለብታ ውኃ አጥባ፣ በጣቶቹ መካከል አድርቃ፣ ውስጥ እግሩን ታያለች። እኔ ለበዓል ስመጣ አንድ ሁለቴ ልሞክር አልኩና አባቴ «ተው ልጄ፣ የት እንደሚያመኝ እሷ ታውቃለች» አለኝ። እግሩ ሳይቆረጥ ነው የሞተው። በ2013 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ።

የሞተው ሌሊት ነው። ጠዋት ከአዲስ አበባ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። የእድሩ ጸሐፊ «የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍ፣ ለ9 ሰዓት ይድረስልን» አሉኝ። ወደ ውስጥ ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት 5 ብዬ ነው። ይህን የምናገረው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ እንዲያውም ያከብደዋል። አንድ የቅርብ ዘመዳችን፣ ሕግ አውቃለሁ የሚሉ ሰው፣ ከኋላዬ ቆመው አነበቡና ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «ዛሬ በአደባባይ የተነበበ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል» አሉኝ። «ልጅ ነች ብላችሁ በሕዝብ ፊት ካወጃችሁ የቤቱ አንድ አምስተኛ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ ስሟም የእሱ አይደለም።»

ቤቱን አሰብኩ። አባቴ በድን ሆኖ በግድግዳው ወዲያ ማዶ ተጋድሞ ቤቱን አሰብኩ። ዋጋውንም ጭምር። ወረቀቱን ቀድጄ በሌላ ወረቀት ጻፍኩ።

መቃብሩ አጠገብ ጸሐፊው አነበቡት። እህቴ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደ ልጅ ነበረች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከታናሽ እህቴ ጋር ተያይዘው እያለቀሱ። «የ4 ልጆች አባት ነበሩ» ሲባል ለቅሶዋን አቆመች። ቀና ብላ ያየችው ጸሐፊውን አልነበረም፣ እኔን ነው። ከዚያ የታናሽ እህቴን እጅ ለቀቀች። ከቀብር ተመልሰን ቤተሰቡ ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ እሷ አልተቀመጠችም። ወደ ጓሮ ዞረች። እስከ ሰልስት ድረስ ከእድርተኛ ሴቶች ጋር ንፍሮ ስትቀቅል፣ ሳህን ስታጥብ፣ ውኃ ስታመላልስ ቆየች። ለቀስተኛው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» እያለ የእኛን እጅ ሲጨብጥ በመካከላችን በትሪ ውኃ ይዛ ታልፋለች። የአባቴን እግር ስታጥብ የኖረች ሴት በአባቴ ሐዘን ላይ እንደ ጎረቤት ታስተናግዳለች። እያየሁ ዝም አልኩ። ተነስቼ እጇን ይዤ ፍራሹ ላይ ላስቀምጣት እችል ነበር፤ አስር እርምጃ አይሆንም።

በሰልስቱ ዕለት ከወርክሾፑ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ጎኔ ተቀመጡ። ከአባቴም ከሟቹ ባልንጀራውም ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሦስተኛዋን የት ጣልካት?» አሉኝ። «በችኮላ ተሳስቼ ነው» አልኳቸው። ይህኛው ውሸት ከወረቀቱ ይብሳል፤ ወረቀቱን ስጽፍ መካሪ ነበረኝ፣ ይህን ግን ማንም አላቀበለኝም። አዛውንቱ ቡናቸውን ጨርሰው ስኒውን አስቀመጡና ተሰናብተውኝ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አላገኘኋቸውም፤ ይህን ካነበቡ አልተሳሳትኩም ነበር፣ ዋሽቼዎታለሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ የወራሽነት ማረጋገጫ ልናወጣ ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ጠበቃው የነገረን ነገር እኔን በቁሜ ነው የቀበረኝ። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የሚሠራባት የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። በዚያም ሕግ ሆነ ከእሱ በፊት በነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። አባቴ ፍርድ ቤት ሄዶ አያውቅም፤ ልጄ ናት ለማለት የማንም ፈቃድ ያስፈልገኛል ብሎ አላሰበም። እንግዲህ ቀብር ላይ 5 ተብሎ ቢነበብ በዚያ ብቻ ወራሽ አትሆንም ነበር። የፈራነው ነገር በሕጉም ውስጥ የለም፣ በእሷም ልብ ውስጥ አልነበረም። ሰውን በአደባባይ የካድኩት ላልመጣና ለማይመጣ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሕጉ ተቃራኒውን ቢል ኖሮ፣ ድርሻዋን በትክክል የሚሰጣት ቢሆን ኖሮ፣ ጥፋቴ በሌባ ስም ይጠራ ነበር እንጂ አይቀንስም።

ይቅርታ ልጠይቃት ገንደቆሬ ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ። የሆነውን ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ወረቀትና የዘመዳችንን ምክር ሳልደብቅ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «እኔ የመሰለኝ አባባ ራሱ ነው» አለችኝ። አልገባኝም። «ከመሞቱ በፊት ለናንተ የነገራችሁ ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ምናልባት ሲቆጥረኝ የኖረው ሊያባብለኝ ነው ብዬ አሰብኩ።» እኔ የገመትኩት የተቀየመችው እኛን ብቻ እንደሆነ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እነዚያን ሁሉ ዓመታት፣ ሲባጎውንም መኝታውንም ስኳሩንም፣ እንደገና እየመረመረች ነበር። አባቷን ለሁለተኛ ጊዜ የወሰድኩባት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ሐዲዱ ወስዶታል። ስለ ጫማው ነገርኳት፤ ለ4 የሚበቃ ብር ይዞ ለማንም ሳይገዛ የተመለሰበትን። አታውቀውም ነበር። አንዴ ድገምልኝ አለችኝ፣ ደገምኩላት።

በሙት ዓመቱ የተስተካከለ የሕይወት ታሪክ ጻፍኩ። 5 ልጆች ይላል፤ ሦስተኛዋ ልጃቸው በሕመማቸው ዘመን ሁሉ እንዳስታመመቻቸው ይላል፤ የወለዷት ወላጆቿም በስማቸው ተጠርተዋል። እኔው ራሴ አነበብኩት። ነገር ግን ሙት ዓመት ላይ የሚመጣ ሰው ቀብር ላይ ከሚቆመው እጅግ ያንሳል፤ ለቀብር ያልወጣ የወርክሾፕ ሠራተኛ አልነበረም። ውሸቴን ሕዝብ ሰማው፣ እውነቱ የደረሰው ለዘመድ ነው። ይህን ጽሑፍ ያመጣውም እሱ ነው።

የቤቱ ጉዳይ አላለቀም። ወራሾች ከተስማሙ ለአምስተኛ ሰው ማካፈል ይችላሉ፤ ሦስታችን ፈርመናል፣ ከወንድሞቼ አንዱ አልፈረመም። ልፈርድበት የምችል ሰው አይደለሁም። ሰነዱን ይዤላት ስሄድ እሷም ብዙ አልተመለከተችውም። «ቤቱን ተዉት፣ አታስቸግሩት» አለችኝ። «አንድ ነገር ግን ለምኜሃለሁ። ልጆቼ አባባን አያታችን ሲሉ የናንተ ልጆች አይደለም እንዳይሏቸው።»

አዲስ አበባ ተመልሼ ልጆቼን ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአዋሹን ባቡር፣ መርዶውን፣ ሲባጎውን፣ ወረቀቱን። ትልቋ ልጄ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እሺ፣ አንተ ግን ለምን እንደዚያ አደረግክ?» አለችኝ።

ለቤት ብዬ ነው አልኳት።